በባዕድ አገር የተወለደ ልጅ ዜግነቱ ከየት ይመጣል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ሲቃረብ፣ በስተግራው እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ ያያል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ ቀድሞ የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ አሁን ደግሞ በሩዙ ስሙ ገንኗል። ይሁን እንጂ ሜዳው ቢሰፋም ለወጣቱ ሁሉ የሚዳረስ መሬት የለምና፣ እንደ ሌላው የአማራ ክልል ሁሉ ከዚህም ወደ ሱዳንና ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ አሉ። ከሄዱትም መካከል ልጅ ይዘው የሚመለሱ አይጠፉም። ዛሬ ልናወሳ የወደድነው የእነዚህን ልጆች ነገር ነው።

እንበልና አንዲት ወጣት ከቤይሩት የሁለት ዓመት ልጅ ታቅፋ ወረታ ገባች። ጋብቻ አልነበረም፤ የልጁም አባት የት እንዳለ አይታወቅም። ጎረቤቱ «ይህ ልጅ የየት አገር ሰው ነው?» ይላል። የቀበሌው ጸሐፊም ያንኑ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ሊባኖስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 ባወጣችው ሕግ ዜግነትን የምታወርሰው በአባት ነውና፣ ልጁ ቤይሩት ስለ ተወለደ ብቻ ሊባኖሳዊ አይሆንም። አሜሪካ ግን ከ1868 የሕገ መንግሥት ማሻሻያዋ ወዲህ፣ ከጥቂቶች በቀር በምድሯ የተወለደውን ሁሉ ዜጋዬ ትላለች። ኢትዮጵያ የያዘችው መንገድ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ የአባትንም የእናትንም ደም እኩል ትቆጥራለች።

ይህም ትናንት የመጣ ሐሳብ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ገና በመጀመሪያው አንቀጹ፣ በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ቢወለድ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ደንግጎ ነበር። እርግጥ የዚያ ሕግ ሌሎች አንቀጾች በጋብቻ ረገድ ለወንድ ያደሉ ነበሩ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6፣ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996ም በአንቀጽ 3 ነገሩን ያለ አድልዎ አጽንተውታል።

እንግዲህ የዚያች ወጣት ልጅ ዜግነቱን አመልክቶ የሚያገኘው አይደለም፤ በተወለደበት ሰዓት አብሮት ተወልዷል። የጎደለው ማስረጃው ነው። በዚህ በኩል ግን ብዙ ዘግይተናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ቢጽፍም፣ ያው ሕግ ራሱ አፈጻጸሙን ለወደፊት አቆየው። መዝገቡ በመላ አገሪቱ መከፈት የጀመረው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ነው። በውጭ አገር የሚወለደውን ኢትዮጵያዊ የሚመዘግቡት ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ናቸው። ነገር ግን ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት የቤት ሠራተኛ ኤምባሲ ደጅ የምትደርሰው በየትኛው ቀን ነው?

ስለዚህ ብዙው ጣጣ የሚወድቀው በቀበሌው ጠረጴዛ ላይ ነው። እናቲቱ ከሐኪም ቤት የተሰጣትን የልደት ወረቀት፣ የገባችበትን የጉዞ ሰነድና የራሷን ማንነት የሚያስረዳውን ሁሉ ይዛ መቅረብ ይገባታል። በጠረጴዛው ወዲያ በኩል የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ደግሞ «አባቱን አምጪ» ብሎ ሊመልሳት አይገባውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃን ሁሉ ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም በጋብቻ ከተወለደው እኩል መሆኑን በግልጽ ይናገራል። ይህን አንቀጽ ያላነበበ ሠራተኛ ሳያውቀው አንድ ኢትዮጵያዊ አገር ያሳጣል።

አሜሪካ የተወለደው ልጅ ችግር ሌላ ነው። እርሱ ወረቀት አላነሰውም፤ እንዲያውም በዛበት። አዋጅ 378 በአንቀጽ 20፣ በትውልድ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቆጥረዋል። በ18 ዓመቱ ስለዚህ አንቀጽ የሰማ ስንት ልጅ ይገኛል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይነጠቅም ይላልና፣ ሳያውቁ ዝም ማለት ፈቃድ ይባል እንደሆነ የሕግ ተማሪዎች ቢከራከሩበት መልካም ይመስለናል።

ዓመቱ ያለፈበት ሰው መንገዱ ፈጽሞ አልተዘጋበትም። ወደ አገር ተመልሶ ኑሮውን ከመሠረተና የሌላውን አገር ዜግነት ከተወ፣ አመልክቶ በአንቀጽ 22 መሠረት ዜግነቱን ሊያስመልስ ይችላል። ይህን ካልፈለገም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን፣ ይወስዳል። በዚህም ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል፤ በምርጫ ቀን ወረታ ቢገኝ ግን ድምፅ አይሰጥም።