መደርደሪያ ላይ የተቀመጠችው ታንኳ

ከባሕር ዳር ለልጅዎ የገዟት ትንሽ የደንገል ታንኳ አቧራ ጠጥታ ይሆናል። ያንሷትና ያጫውቱት። ብዙ ዝነኛ የውቅያኖስ መርከቦች ተፈታተው የቀረው ሙዚየም ያለ ሞዴላቸው ነው፤ የዚህች ታላቅ እኅት ግን ዛሬም ጣና ላይ ትቀዘፋለች።

ደንገሉም ቀላል አይምሰልዎ። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1970 ከጣና በተወሰደ ደንገል በተሠራችው ‹ራ ሁለት› ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገብቷል። ጀልባዋ አሁን ኦስሎ፣ ኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ናት። (የሠሯት የቦሊቪያ አይማራዎች መሆናቸው፣ የጣና ሰዎች አለመሆናቸው ትንሽ ይቆጫል።)

ዛሬ እምቦጭ የሐይቁን ዳርቻ ከደንገሉ ጋር እየተሻማ ነው። በቀጣዩ ጉዞዎ ወደ ደብረ ታቦር ከመውጣትዎ በፊት በደራ ወይም በፎገራ በኩል ወደ ውኃው ጎራ ይበሉ። ታንኳ የሚያስር ሰው ካገኙ አይቸኩሉ፤ ልጅዎ ቁጭ ብሎ ይመልከት።