ሲጋራውን ተወ፣ ቅጣቱ ግን አልተወውም

ካርቱም ዴይም ውስጥ፣ ሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ዕቃ የምንረከብበት መጋዘን ውስጥ አንድ የጎንደር ልጅ ይሠራ ነበር። ያጨሳል ተብሎ በየወሩ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። አሠሪው የራሳችን ሰው ነው፤ "ለጤናህ ብዬ ነው" ይለዋል።

ልጁ ጨክኖ ሲጋራውን ጣለና ሱቅ አረቢ ወርዶ በባትሪ የሚሠራውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ገዛ። ቅጣቱ ግን ቀጠለ። "ያው ጭስ ነው" ተባለ። ይህን ሲናገር ጌትዬው ከከንፈሩ ስር ቶምባክ ወሽቋል! ጭስ ስለሌለው አያስቀጣም መሰለኝ። የሱዳን ቶምባክ ኒኮቲኑም ሆነ ካንሰር አምጪ ኬሚካሉ እጅግ ከፍተኛ መሆኑ ከታወቀ ግን ዘመን የለውም።

ለኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ጥብቅና አልቆምም። ትንባሆ ስለማይቃጠልበት ለአጫሽ ጉዳቱ ከሲጋራ ይቀንሳል፤ ኒኮቲኑ ግን ሱስ ያስይዛል፣ አጭሶ ለማያውቅ ልጅም አይሰጥም። አሠሪውም "መጋዘን ውስጥ አታጭስ" ማለት መብቱ ነው፤ ካርቶንና ጨርቅ የተከመረበት ቤት ነው።

የእኔ ጥያቄ ስለ ገንዘቡ ነው። ለጤናው ከሆነ የተቆረጠው የት ገባ? አንድ ቀን ሐኪም ቤት አልወሰደውም። አሜሪካ እንኳ ሕጉ ትንባሆ የሚጠቀም ሠራተኛን ከጤና መድኑ ዋጋ እስከ 50 በመቶ ጭማሪ ማስከፈል ሲፈቅድ፣ ማቆሚያ ሥልጠና ገብቶ ከጭማሪው የሚድንበትን መንገድ አሠሪው እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። አገራችንም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ ሕግ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት፣ ያለ ሥራ ደንብ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ደመወዝ አይቆረጥም ይላል፤ ቢቆረጥም ከወር ደመወዙ ከሲሶ አይበልጥም። አዋጁ ካርቱም አይደርስም፣ እውነት ነው። ሰውዬው ግን ሕጉን አገር ቤት ትቶት መጣ እንጂ ሳያውቀው አልቀረም።

በነገራችን ላይ፣ ይህን ዕቃ በመተማ በኩል ለማስገባት ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ማስገባቱንም መሸጡንም ይከለክላል፤ ካርቶናችሁ ጉምሩክ ላይ ይቀራል።

ልጁ በጦርነቱ ጊዜ በዚያው በመተማ አገሩ ገባ። ማሽኑ ውስጥ የሚጨምረው ፈሳሽ ሲያልቅበት ወደ ሲጋራው ተመለሰ አሉ። የተቆረጠበትን ደመወዝ እስካሁን የመለሰለት የለም።