የቤተ ሰብ ገጽ፤ ተገጣጥሞ ስለ ተገዛው ኮምፒዩተርና ስለሚዘገየው ማሻሻያ

በዛሬው ዕትማችን ልንናገርበት የወደድነው ነገር ለአንዳንድ ክቡራን አንባቢዎቻችን የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን በገንዘብ በኩል የአንድ ደመወዝተኛን የብዙ ወር ገቢ የሚበላ፤ በቤት ሰላም በኩል ደግሞ አባትንና ልጅን የሚያከራክር ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ቦታ ሊነፈገው አይገባም። ይኸውም በፋብሪካ ተገጣጥሞ የሚሸጠው የጨዋታ ኮምፒዩተርና ሻጩ በጊዜው ሳይልከው የሚቀረው የፈርምዌር ማሻሻያ ነገር ነው።

ፈርምዌር ማለት በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ፤ ማለት በማዘርቦርዱ ላይ በምትገኝ ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። መኪናው በተከፈተ ጊዜ ከኹሉ አስቀድሞ የሚነሣው፤ ማስታወሻውንና ማቀዝቀዣውን፤ የኤሌክትሪኩንም ልክ የሚያሰናዳው እርሱ ነው። ሰዎች ባዮስ እያሉ ይጠሩታል። በውስጡም ማይክሮኮድ የሚባል ለፕሮሰሰሩ ብቻ የተሰጠ ረቂቅ መመሪያ ይገኛል። ይህ መመሪያ ስሕተት የተገኘበት እንደ ሆነ ስሕተቱ የሚታረመው በአዲስ ባዮስ ነው፤ አዲሱ ባዮስ ግን ወደ ባለቤቱ እጅ የሚደርሰው መኪናውን በሠራው ወይም ባስገጣጠመው ነጋዴ በኩል ነው። ችግሩ ኹሉ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት በቅርብ ዓመታት የሆነውን እናስታውሳለን። ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 13ኛውን፤ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ደግሞ 14ኛውን ትውልድ የኮር ፕሮሰሰር ለገበያ አወጣ። ከእነዚህ መካከል ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር የተሠሩትና ኀይላቸው የበረታው ጥቂት ወራት ከሠሩ በኋላ በጨዋታ መካከል ድንገት መዝጋት አመጡ። በመስኮቱ ላይ የሚወጣው ቃል ብዙ ጊዜ የቪዲዮ ማስታወሻ አለቀ የሚል ስለ ነበረ ጥርጣሬው በግራፊክስ ካርዱ ላይ ወደቀ። በቤት ውስጥ ደግሞ ጥርጣሬው በልጁ ላይ ወደቀ። ልጁ «ኮምፒዩተሩ ራሱ እየተዘጋ አስቸገረኝ» ሲል አባት «ሌሊቱን ኹሉ ስትጫወትበት አበላሸኸው እንጂ» ይላል፤ እናትም መካከል ገብታ ጉዳዩን ለእሑድ ታሳድረዋለች።

ልጁ እውነቱን ነበር። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢንቴል ራሱ እንዳስታወቀው በማይክሮኮዱ ውስጥ ባለ ስሕተት ምክንያት ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቅ ኖሯል። በነሐሴ 3 ቀን 0ኤክስ129 የተባለውን ማሻሻያ አወጣ፤ ይህም ፕሮሰሰሩ ከ1.55 ቮልት በላይ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክንያቱን በሰፊው ገልጦ 0ኤክስ12ቢ የተባለውን አስከተለ፤ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. 0ኤክስ12ኤፍ ተጨመረ፤ ይህኛው ለብዙ ቀን ሳይጠፉ ቀላል ሥራ ብቻ እየሠሩ ለሚቈዩት ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

አንባቢዎቻችን በተለይ እንዲያስተውሉት የምንፈልገው አንድ ቃል አለ። ማሻሻያው ገና ያልተጐዳውን ፕሮሰሰር ይጠብቃል እንጂ የተጐዳውን አይፈውስም። በትርፍ ቮልቴጅና በሙቀት የደከመው የሰዓት መስመር ወደ ቀድሞው ኀይሉ አይመለስም። ስለዚህ መዘግየቱ እንደ ሌላው መዘግየት የትዕግሥት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ማሻሻያው ሳይደርሰው በሥራ ላይ የዋለ እያንዳንዱ ሳምንት ከመኪናው ዕድሜ ላይ ሊቈርስ ይችላል፤ ባለቤቱም ስንት እንደ ተቈረሰበት የሚያውቅበት ሚዛን የለውም።

ታዲያ ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ በእጁ የገጣጠመ ሰው በዚያ ጊዜ ምን አደረገ? የማዘርቦርዱ ሠሪዎች አዲሱን ባዮስ ገና በሙከራ ሳለ ሳይቀር ወዲያው በየገጻቸው ስላወጡት አውርዶ ጫነ። ተገጣጥሞ የተሸጠለት ሰው ግን ጠበቀ። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ከድካም ለማረፍ ነበር፤ ዕረፍቱ ወደ መጠበቅ ተለወጠበት። ጸሐፊዎችን ቢጠይቅ «በቅርቡ» ይሉታል፤ ይህ ቃል ከልብስ ሰፊ «ነገ» ጋር ወንድማማች መሆኑን ያልቀመሰ የለም።

ለሻጮቹም ፍርድ ሳናጓድል እንናገር። ማይክሮኮዱ ከኢንቴል ከወጣ በኋላ ባዮስን ወደሚጽፉት ኩባንያዎች ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ሰሌዳው ሠሪ፤ ከዚያም መኪናውን ወደሚሸጠው ድርጅት። ትልልቆቹ ድርጅቶች የራሳቸውን ሰሌዳ፤ የራሳቸውን ማራገቢያና የኤሌክትሪክ ሣጥን ስለሚሠሩ በእያንዳንዱ ሞዴል ላይ ለየብቻ መፈተን አለባቸው። ያልተፈተነ ባዮስ በብዙ ሺሕ ቤት በአንድ ሌሊት ቢጫን፤ ስሕተትም ቢኖርበት፤ በማግሥቱ ብዙ ሺሕ መኪና ሳይነሣ ይቀራል። ኢንቴልም ማሻሻያው ወደ ሕዝብ እስኪደርስ ብዙ ሳምንት ሊወስድ እንደሚችል አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ይህን ጥንቃቄ እናመሰግናለን። የማናመሰግነው ዝምታውን ነው። ለየትኛው ሞዴል በየትኛው ወር ማሻሻያ እንደሚወጣ አንድ ሰሌዳ ጽፎ መለጠፍ መሐንዲስ አያስፈልገውም፤ አንድ ታማኝ ጸሐፊ ይበቃዋል። የመብራቱን ቀለምና የማራገቢያውን ብዛት በሰፊው የሚያስታውቅ ነጋዴ ፈርምዌሩን ስንት ዓመት እንደሚጠብቅ አንዲት መስመር አለመጻፉ በእኛ አስተያየት ነውር ነው።

አንዳንዱ ባለቤት በመጠበቅ ተሰላችቶ የሌላ ሰሌዳ ባዮስ አውርዶ ሊጭን ይፈልጋል። ይህን ከማድረግ እንዲታቀብ እንመክራለን። በስምና በመልክ የሚመሳሰሉ ሰሌዳዎች ለነጋዴ ተብለው ሲሠሩ ውስጣቸው የሚለይበት ጊዜ አለ፤ ያልተመሳሰለ ባዮስም መኪናውን ፈጽሞ ሊገድለው ይችላል። ይልቅስ በዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ከፍቶ የባዮሱን ቍጥርና ቀን መመልከት፤ ያንንም ሻጩ በገጹ ካወጣው ጋር ማስተያየት ነው። ቀኑ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. በፊት ከሆነና ፕሮሰሰሩም ከተነገሩት ትውልዶች ከሆነ ለሻጩ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። በቃል የተጠየቀ ነገር በቃል ይረሳል።

በአገራችን ላለ ሰው ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ጭንቀት አለበት። የመጀመሪያው መብራት ነው። ባዮስ በሚጫንበት በጥቂቱ ደቂቃ መካከል ኤሌክትሪክ የጠፋ እንደ ሆነ ትእዛዙ በግማሽ ተጽፎ ይቀርና መኪናው ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራውን ዩፒኤስ ሳያገናኙ፤ ይልቁንም ዝናብና ነጐድጓድ ባለበት ማታ፤ ሥራውን መጀመር አይገባም። ልጁ ቸኵሎ ቢለምን እንኳ እስከ ንጋት ይቈይ።

ሁለተኛው ዋስትና ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ መኪናዎች ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጡ ናቸው። ኢንቴል በ2016 ዓ.ም. ክረምት ለተነገሩት ፕሮሰሰሮች በዋስትናው ላይ 2 ዓመት ጨምሮ በሣጥን ለተሸጡት 5 ዓመት አድርሶታል፤ በሣጥን የገዛ ሰው ለኢንቴል ራሱ ያመለክታል። ተገጣጥሞ የገዛ ሰው ግን የሚያመለክተው መኪናውን ለሸጠለት ድርጅት ነው፤ ድርጅቱም ያለው መኪናው በተገዛበት አገር ነው። ዕቃውን ያመጣው አጎት ወይም አክስት ደረሰኙን ጥሎት እንደ ሆነ ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት አለቀ ማለት ነው። እንግዲህ ዛሬውኑ ስልክ ተደውሎ ደረሰኙ ይፈለግ፤ የመኪናውም ተራ ቍጥር ከጀርባው ተገልብጦ አብሮ ይቀመጥ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሣጥን ለተገዛ ፕሮሰሰር የ5 ዓመቱ ቀን የሚሞላው በጥቅምት 2020 ዓ.ም. ነው፤ ተገጣጥሞ ለተገዛው ቀኑ ከመቼ እንደሚቈጠር ከሻጩ በጽሑፍ ተጠይቆ ከደረሰኙ ጋር ይያያዝ።