ውሻው ወደቀ እንጂ አልሞተም!

ትናንት ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ውሻችን ጀርባውን አሞት የኋላ እግሩ እየከዳው ነው፤ እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው። አባዬ ‹ይገደልና ይገላገል› አሉ። ምን ላድርግ?»

መልሱን እዚህ የምጽፈው በሐይቅና በአምባሰል ስንቱ ውሻ በዚህች ቃል እንደሚያልቅ ስለማውቅ ነው።

መጀመሪያ ጥንቃቄ! እግሩ የከዳው ውሻ ሁሉ አንድ በሽታ የለበትም። መኪና ገጭቶት ወይ በዱላ ተመትቶ ይሆናል። ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ ድምፁና ጠባዩ ከተለወጠ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እንዳትነኩት፤ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።

ሌላው ምክንያት ዲስክ ነው። በአከርካሪ አጥንቶቹ መሀል ያለችው ትራስ ትወጣና ኅብለ ሠረሠሩን ትጫነዋለች፤ ልክ እንደ ሰው።

እዚህ ላይ አንዱ «ግደለው» ይላል። ሌላው የውጭ ቪዲዮ አይቶ «ኦፕራሲዮን ካልሆነ አይድንም» ይላል። ኦፕራሲዮኑን ከየት አምጥተን? የሁለቱም መጨረሻ ያው ሞት ነው።

እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ። ውሻው እየተንገዳገደም ቢሆን ከሄደ ዋናው መድኃኒት እረፍት ነው። ጠበብ ያለ ቦታ ዘግቶ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማቆየት፣ ለሽንት ብቻ በገመድ ይዞ ማውጣት። መዝለል የለ፣ መሮጥ የለ። በሳምንቱ ተሻለው ብላችሁ እንዳትለቁት። ከባሰበት ግን ቶሎ ሐኪም ጋ! የኔዋ ቡቺ ዶሮ ቤት ውስጥ 5 ሳምንት ተዘግታ ነው የተነሳችው። ጎረቤት ሲስቅብኝ ነበር፤ ዛሬ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ሰፈሩን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት።

ወጌሻ አያሸው። ለሰው የተገዛ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትስጡት፤ ጨጓራና ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ሊገድለውም ይችላል። ማስታገሻውን ሐኪም ይዘዝለት።

እውነቱን ልናገር፤ ጨርሶ መቆም ያቃተው፣ ሐኪም ጣቱን አጥብቆ ሲቆነጥጠው እንኳ የማይሰማው ውሻ በእረፍት ብቻ የመዳን ዕድሉ ጠባብ ነው። ለእሱ ኦፕራሲዮን ይሻላል፤ ያውም ቶሎ ከተደረገ፣ ያኔም ግማሽ በግማሽ ነው። ታዲያ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ቢሾፍቱም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራሉ። እኛ ግን «ውሻ በሬ ነው እንዴ?» እያልን ሐኪም ጋ ካልወሰድነው፣ የውሻ አከርካሪ ማከም ማን ብሎ ይማራል?

አንተ ልጅ፣ ለአባትህ እንዲህ በላቸው፦ «አባዬ፣ እሱ ስንት ዓመት ጠበቀን፤ እኛ 6 ሳምንት ብንጠብቀው ምናለበት?»