መተማመን የሚሰበረው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ነው

ከሁምቦ ወይም ከገሱባ ታማሚ ይዞ ወላይታ ሶዶ የሚመጣ አርሶ አደር የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መዋጮውን ከፍሏል። ሐኪሙ መርምሮ መድኃኒት ያዝለታል። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን "የለም፣ ከውጭ ግዛ" ይባላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚጠረጥረው ሐኪሙን ነው፤ "ከግል ፋርማሲው ጋር ተሻርኮ ይሆን?"

እንዲህ የሚያደርግ ሐኪም ካለ ይጠየቅ። መደርደሪያውን ባዶ ያደረገው ግን ሐኪሙ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች ሥራ ያቆሙት የጤና ባለሙያዎች፣ ከደመወዝ ጭማሪ ጋር ለራሳቸው ነፃ ሕክምና ጠይቀው ነበር። በወላይታ ዞን ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ በየጊዜው መዘግየቱን የማያውቅ የለም።

ሠርቶ ያልተከፈለው ሐኪምና ከፍሎ ያላገኘው ታካሚ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ የሚጋጩት ግን እርስ በርሳቸው ነው። መልስ መስጠት ያለበት በጀቱን የያዘው አካል ነው። የመድህኑ ገንዘብ ለጤና ተቋማት በወቅቱ ይድረስ፤ የጠፋው መድኃኒት ዝርዝር በግልጽ ይለጠፍ፤ ደመወዝ በወሩ ይግባ።

"በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላል። ሐኪሙን ያላመነ ታካሚ ሕመሙን ይሸሽጋል። ችግሩን የሸሸገ አስተዳደርም እንዲሁ ነው።