የማይበሰብስ ቲማቲም ስንት ያወጣል?

ባቱ ላይ ቲማቲም ሲደርስ ዋጋውን የሚቆርጠው ገበሬው አይደለም፤ ደላላው ነው። ምርቱ ተለቅሞ በሳጥን ሆኖ መኪና ይጠብቃል። መኪናው አንድ ቀን ቢዘገይ ከሥር ያለው ይለሰልሳል፤ ሁለት ቀን ቢዘገይ ውኃ ይሆናል። ገበሬው ይህን ያውቃል፤ ደላላውም ገበሬው እንደሚያውቅ ያውቃል። ድርድሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ከመቂ እስከ ባቱ ባለው መስመር በአትክልት ንግድ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ነገር አንድም ሲያተርፍበት፣ አንድም ሲከስርበት አይቶታል።

እንግዲህ በዚያችው ከተማ የማይበሰብስ ቲማቲም ቢመረት ነጋዴው ጆሮውን ማቆሙ አይቀርም። ቲማቲሙ የክር ነው። በኪሮሽ የሚሠራ፣ ሆዱ በፋይበር የሚሞላ፣ ሁለት ዓይንና አንዲት ቢጫ ምንቃር ያለው፣ አረንጓዴ ቅጠሉ እንደ ጉትያ አናቱ ላይ የሚቆም፣ በእጅ መዳፍ ልክ የሆነ ቲማቲም መሳይ ጫጩት። ምግብንና እንስሳን እንዲህ እያዳቀሉ በኪሮሽ ትንንሽ አሻንጉሊት መሥራት ከጃፓን ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰ ሙያ ነው፤ ስሙም አሚጉሩሚ ይባላል። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ገጹን ለመግለጥ የሚቸኩል አንባቢ ካለ ሒሳቡን እስኪያይ ቢታገስ መልካም ነው።

በመጀመሪያ ሙያው አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ ከተሞች ዳንቴል ያልተነጠፈበት ሳሎን ማግኘት አስቸጋሪ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። የሶፋው መደገፊያ፣ የጠረጴዛው ልብስ፣ የቴሌቪዥኑ ሽፋን ሁሉ የኪሮሽ ሥራ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቤት አለ። ኪሮሽ ይዛ ክር መሳብ የምታውቅ ሴት በባቱም በአዳማም ሞልታለች። ችግሩ ዳንቴል ዋጋ ተቆርጦለት የማያውቅ መሆኑ ነው። ለሠርግ ይሰጣል፣ ለጎረቤት ይበረከታል፤ ሲሸጥም የክሩ ዋጋ ላይ ጥቂት ብር ጣል ተደርጎ ነው። ሦስት ሳምንት የፈጀው ድካም «ጊዜ ማሳለፊያ» ተብሎ ከሒሳቡ ይወጣል። አንድ ግንበኛ ግድግዳ ሲሠራ ጊዜውን እያሳለፈ ነው የሚል ሰው ግን እስካሁን አልተሰማም።

አሠራሩን በአጭሩ ማየት ለሒሳቡ ይጠቅማል። ጀማሪዋ ክሩን በቀለበት ጠምልላ በውስጡ 6 ቋጠሮ ትሠራለች። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ስታደርግ 12 ይሆናል፤ ከዚያ በየዙሩ 6 እየጨመረች 18፣ 24፣ 30 እያለች ትሄዳለች። የሚፈለገው ስፋት ላይ ሲደርስ ሳትጨምር ጥቂት ዙር ትቀጥላለች፤ ቀጥላ በዚያው ልክ ትቀንሳለች፤ አፉ ከመዘጋቱ በፊት ትሞላዋለች። ቲማቲም ለጀማሪ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከኳስ አይለይም። እግርና እጅ መገጣጠም የለበትም፤ ትንሽ ቢጣመም ደግሞ ጠማማ ቲማቲም ማን አይቶ ያውቃል የሚል የለም።

ዳንቴል ለምታውቅ ሴት የሚከብዳት ሌላ ነገር ነው። ዳንቴል ውበቱ ቀዳዳው ነው፤ አሻንጉሊት ግን ቀዳዳ ካለው ሙሌቱ ብቅ ይላል። ስለዚህ ለክሩ ከሚመከረው ቀጠን ያለ ኪሮሽ ተይዞ ጠበቅ ተደርጎ ይሠራል። ዙሩም ሳይዘጋ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል እየዞረ ስለሚሄድ መነሻውን በሌላ ቀለም ክር ምልክት ማድረግ ግድ ነው። ይህን ያልነገሯት ባለሙያ የመጀመሪያዋን ጫጩት ማበላሸቷ አይቀርም። ሙያው በአገራችን ባብዛኛው የሚተላለፈው ናሙና አይቶ በመገልበጥ በመሆኑ በወረቀት ከተጻፈ መመሪያ ይልቅ ግማሽ ላይ የቆመ አንድ ናሙና በእጇ መስጠት ይሻላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። እጅ የፈታች ሠራተኛ አንዷን ጫጩት በሁለት ሰዓት ትጨርሳለች እንበል። የሰዓቱ ዋጋ 60 ብር ቢተመን ድካሟ 120 ብር ነው። ለክር፣ ለሙሌትና ለዓይን 50 ብር ቢያዝ 170 ይሆናል። ለትራንስፖርትና ለብልሽት 17 ብር ሲጨመር 187 ብር ይደርሳል። ነጋዴው በዚህ ላይ 25 በመቶ ቢያተርፍ የመሸጫው ዋጋ 234 ብር ገደማ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ የክር ዋጋ ሲለወጥ አብረው ይለወጣሉ። ነገር ግን «100 ብር ይብቃሽ» የሚል ገዢ ሲመጣ ምን እየተባለች እንደሆነ ያሳያሉ። ከመቶው ብር 67ቱ ወጪ ነው፤ የቀረው 33 ብር ለሁለት ሰዓት ሲካፈል ሰዓቷን በ16 ብር ከ50 ሳንቲም ሸጠች ማለት ነው። ክሩን አልቀነሰላትም፣ ታክሲውን አልቀነሰላትም፤ የተቀነሰው እሷ ብቻ ናት።

የቲማቲሙ ገበሬ ዋጋ ሲጣልበት እሺ የሚለው ምርቱ ስለሚበሰብስበት ነው። የክሩ ጫጩት ግን መደርደሪያ ላይ ስድስት ወር ቢቀመጥ ያው ጫጩት ነው። የሠሪዋ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አልሸጥም ማለት ትችላለች። እርግጥ የቤት ኪራይ አይጠብቅም። በአበባ እርሻ ውላ አምሽታ ኪሮሽ የምታነሳ ሴት ዕቃዋን ስድስት ወር አስቀምጣ የምትኖርበት ጥሪት የላትም። ሼር ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ ማብቂያ ከገባ ወዲህ ባቱ የብዙ ሺህ ደመወዝተኞች ከተማ ሆናለች፤ ከእነዚህ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ከደነገገም ዓመታት አልፈዋል። በመሆኑም ክሩን አቅርቦ፣ የተሠራውን ዕለቱን ቆጥሮ የሚከፍል ነጋዴ ወይም ማኅበር ከሌለ መጠበቅ የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ይቀራል።

ይህ የማይቻል አይደለም። ባንግላዴሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ሃታይ ቡናኖ የገጠር ሴቶችን በቤታቸው አቅራቢያ አሰባስቦ በኪሮሽና በሹራብ ሥራ የልጆች አሻንጉሊት ያሠራል፤ ፔብል በሚል ስም ወደ ውጭ ይልካል። ከምርቶቹ መካከል ፊት ያላቸው አትክልትና ፍራፍሬዎች ይገኛሉ። የቻይና ፋብሪካ ለምን አልዋጠውም ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ ሹራብ በማሽን ይሠራል፣ የኪሮሽን ቋጠሮ አስመስሎ በብዛት የሚያወጣ ማሽን ግን ገበያ ላይ የለም። በርካሽ ቢሸጥም የሰው እጅ ነው የሠራው።

ወደ ውጭ መላክ ሲባል ግን ጥንቃቄ ያሻል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኢትዮጵያን ከአጎዋ ማውጣቷና ፒ.ቪ.ኤች. ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር 2021 ከሐዋሳ መውጣቱን ማንም አልረሳውም። በቀረጥ ነጻ መብት ላይ ብቻ የተመሠረተ ሥራ መብቱ በሄደበት ይሄዳል። አውሮፓ ላደጉት አገሮች ላልደረሱት ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉንም ከቀረጥ ነጻ ያስገባል፤ ነገር ግን አሻንጉሊት የሲ.ኢ. ምልክትና የደኅንነት ምርመራ ይጠይቃል። ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን የሚላክ ከሆነ የፕላስቲክ ዓይን ተነቅሎ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ስለሚችል ዓይኑ በክር ቢጠለፍ ይሻላል። ይህ ለአገር ውስጥ ልጅም ያው ነው፤ ጉሮሮ የአውሮፓና የባቱ ተብሎ አይለይም።

ለነጋዴው ይበልጥ የሚያጓጓው ምናልባት ያልተሠራው ጫጩት ነው። ዘ ውብልስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ተመሥርቶ ለጀማሪዎች ክሩን፣ ኪሮሹን፣ ሙሌቱንና የተጀመረውን ሥራ በአንድ ማሸጊያ አድርጎ 30 ዶላር ገደማ ይሸጣል። በ2022 ሻርክ ታንክ በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ለ6 በመቶ ድርሻ 450 ሺህ ዶላር ተስማምቷል። ጥበቡ የቱ ጋ ነው? ገዢው ድካሙን ራሱ ይደክማል፣ ዋጋውን ግን እንደተሠራ ዕቃ ይከፍላል። የባቱ ባለሙያ ለጀማሪ የሚከብደውን ቀለበትና የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ሠርታ ብታሽግ የሚፈጅባት ሁለት ሰዓት ሳይሆን ደቂቃዎች ነው። የአዲስ አበባና የአዳማ ትምህርት ቤቶች፣ ለልጃቸው ከስልክ ሌላ ነገር የሚፈልጉ ወላጆች ገዢዎች ናቸው። መመሪያው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በሥዕል ተደግፎ መታተም ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ዕቃው ተከፍቶ በማግስቱ ይጣላል።

የተሠራችዋ ጫጩት የመጀመሪያ ገበያ ደግሞ እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። የሞጆው የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የአዲስ አበባ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ለምሳ ደምበል ሐይቅ ዳር ዓሣ ይበላል። ሲመለስ መኪናው ውስጥ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፓፓያ ይጭናል። ከባቱ የመጣሁ ነኝ የሚል ትንሽ ዕቃ ግን ለልጁ ይዞ አይመለስም፤ ካስትል እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ያወጣው ወይን ለልጅ አይሰጥም።

የሚያሰጋው ደላላው ነው። የቲማቲሙን ልማድ ይዞ ወደ ክሩ ከገባ በየቤቱ እየዞረ የሚወዳደሩ ሴቶችን እርስ በርስ በዋጋ ያስጥላል፤ ሠሪዎቹም በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ዳንቴላቸው ይመለሳሉ። አትራፊ መሆን የሚፈልግ ደላላ አስቀድሞ የሰዓቱን ዋጋ ከሠሪዎቹ ጋር ቆርጦ ከዚያ በላይ ያለውን ቢደራደር ይሻለዋል። ለሙከራም ብዙ ካፒታል አያሻም። ሃያ ጫጩት አሠርቶ በአንድ ዓሣ ቤት ገንዘብ ተቀባይ አጠገብ በ234 ብር መደርደር ይበቃል። በሁለት ቅዳሜና እሁድ ስንቱ እንደተነሳ ተቆጥሮ የክሩ ግዢ ያኔ ይወሰን።