በዋጋ ዝርዝሩ ያልተጻፈው ሠራተኛ

በኢትዮጵያ የግንባታ ዘርፍ ሠራተኛ ከፎቅ ወድቆ በሞተ ወይም ያልጠነከረ ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) በተደረመሰ ቁጥር የሚሰጠው ማብራሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም፤ ወይ ሠራተኛው አልተጠነቀቀም፣ ወይ ተቆጣጣሪው አካል ላልቷል ይባላል። ሁለቱም ምክንያቶች እውነትነት ባያጡም ችግሩ የሚጀምርበትን ቦታ አያሳዩም። ችግሩ የሚጀምረው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት፣ ጨረታ ሲወጣ፣ ዋጋ ሲሞላና ውል ሲፈረም ነው፤ በእነዚያ ሰነዶች ውስጥ ለሠራተኛው ደኅንነትና ሙያ ራሱን የቻለ ዋጋ ስላልተቆረጠ፣ ሥራው ተጀምሮ ገንዘብ ሲያጥር ከሁሉ በፊት የሚቀነሰው ይኸው ይሆናል።

ሕግ የለም ለማለት አያስደፍርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ የሥራ ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው የውሉን ዋና ዋና ነጥቦች የያዘና የተፈረመበት ጽሑፍ በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል፤ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን፣ የደረሰ አደጋን መመዝገብንና ማሳወቅንም የአሠሪው ግዴታ ያደርጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ድንጋጌ ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ መሆኑ ነው። አገሪቱ የሥራ ደኅንነትንና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው በ1983 ዓ.ም. ሲሆን፣ ድርጅቱ ራሱ በ2014 ዓ.ም. ደኅንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አሰልፎታል።

ይህ ሁሉ ሕግ ሳይቱ ላይ ሲደርስ የሚመክንበት ምክንያት በሥራው ባለቤትና በቀን ሠራተኛው መካከል ያለው ሰንሰለት ርዝመት ነው። ባለቤቱ ከዋናው ተቋራጭ ጋር ይዋዋላል፤ ዋናው ተቋራጭ የአናጺውን፣ የፌሮውን፣ የግንቡንና የልስኑን ሥራ እየከፋፈለ ለንዑስ ተቋራጮች፣ በሠራተኛው አነጋገር «ለሰብ»፣ ይሰጣል፤ ሰቡም ሥራውን በእጅ ዋጋ፣ ማለትም ቁሳቁሱን ሳይጨምር በካሬ ወይም በሜትር ኩብ ለጉልበት ብቻ በተቆረጠ ሒሳብ፣ ለካቦ ያስተላልፋል። ካቦ ሠራተኛ አሰባስቦ የሚያሠራ የቡድን አለቃ ሲሆን፣ ማለዳ በየመንገዱ ዳር ቆሞ ሥራ ከሚጠብቀው ሰው መካከል የዕለቱን ጉልበት የሚመርጠውም እርሱ ነው። በእያንዳንዱ እርከን ትርፍ ይቀነሳል፤ ኃላፊነት ግን ወደ ታች እየተገፋ ሄዶ በመጨረሻ ንግድ ፈቃድም፣ ቢሮም፣ የደመወዝ መዝገብም የሌለው ሰው ዘንድ ያርፋል።

የዚህ አሠራር ጉዳት ጎልቶ የሚታየው አደጋ ሲደርስ ነው። በአዋጁ መሠረት ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ለደረሰበትና በጡረታ ዐቅድ ላልታቀፈ ሠራተኛ የሚከፈለው ካሳ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። ይህን ካሳ ለማስላት ሠራተኛው ማን እንደቀጠረው፣ በቀን ስንት ይከፈለው እንደነበርና ስንት ቀን እንደሠራ መታወቅ ይኖርበታል። ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ወጣት በእጁ ምንም ወረቀት ከሌለው፣ ዋናው ተቋራጭ «የሰቡ ሠራተኛ ነው» ሲል፣ ሰቡ ወደ ካቦው ሲያመለክት፣ ካቦውም ስልኩን ሲዘጋ፣ ሕጉ የሰጠው መብት በማስረጃ እጦት ከእጁ ይወጣል። የግል ድርጅቶች ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ከአሠሪው 11፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ መዋጮ እንዲሰበሰብ ቢያዝም፣ ስሙ በየትኛውም መዝገብ ላልሰፈረ ሰው ስሌቱ ትርጉም የለውም።

ወደ ጨረታው ሰነድ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በመንግሥት ግዥ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው መርህ፣ የቴክኒክ መመዘኛውን ካሟሉት ተወዳዳሪዎች መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸናፊ እንዲሆን ነው። ተወዳዳሪው የሚሞላው የሥራ ዝርዝርና መጠን ሰነድ ቁፋሮውን፣ አርማታውን፣ ፌሮውን፣ ካሳፎርማውንና ልስኑን በየመስመሩ ይዘረዝራል። መወጣጫው፣ የራስ ቁሩ፣ የደኅንነት ቀበቶው፣ የመጸዳጃ ቤቱና የመጠጥ ውሃው ግን ባብዛኛው የራሳቸው መስመር የላቸውም፤ በሌሎቹ ሥራዎች ነጠላ ዋጋ ውስጥ እንደተካተቱ ይታሰባል። በመሆኑም የብረት መወጣጫ ሊከራይና መከለያ ሊሠራ አስቦ ዋጋውን የጨመረ ተቋራጭ ይሸነፋል፤ አጠና በምስማርና በሽቦ አያይዞ ያለመከለያ ሊያወጣ ያሰበው ያሸንፋል። እንዲህ ያለው ውድድር ጥንቁቁን ቀጥቶ ቸልተኛውን የሚሸልም ስለሆነ፣ ጥፋቱን ሁሉ በተቋራጩ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ክፍያ የሚያዘገየው ባለቤት፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በናረ ጊዜ ማስተካከያ የሚነፍገው ውል፣ የማይቻል የማስረከቢያ ቀን የሚቆርጠው ኃላፊ፣ ሁሉም በአደጋው ድርሻ አላቸው።

ስለ ዘላቂ ግንባታ፣ ማለትም የተፈጥሮ ሀብትን ሳያባክን ለረዥም ዘመን ስለሚያገለግል ግንባታ፣ የሚደረገው ንግግር ከሠራተኛው ጉዳይ ተነጥሎ መቅረቡም ስሕተት ነው። የሲሚንቶ ዋና ግብዓት የሆነው ክሊንከር የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሌሎች ማዕድናት ጋር ሲቃጠል ሲሆን፣ ከነዳጁ በተጨማሪ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 7 በመቶ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ይይዛል። የአንድ ሕንፃ ዘላቂነት በጣሪያው ላይ በሚተከለው የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ብቻ ሊለካ የማይችለው፣ የጉዳቱ ትልቅ ክፍል አርማታው ውስጥ ስለሆነ ነው፤ አርማታው ደግሞ በቀን ሠራተኛው እጅ ነው።

የሶሌታ አርማታ የሚሞላበትን ቀን ማየት ይበቃል። አሸዋውና ጠጠሩ በሳጥን እየተለካ ወደ ሚክሰሩ መግባት ሲገባው፣ ሥራው ሲጣደፍ በአካፋ ግምት ይጨመራል። የተቦካውን አርማታ ባሬላ ላይ አድርገው፣ ሁለት ሆነው፣ በአጠና በተሠራ መንገድ ወደ ላይ የሚያመላልሱት ሴቶች በብዙ ሳይቶች ከወንዶቹ ያነሰ ይከፈላቸዋል፤ አርማታው ወፈር ሲል መዘርጋት ስለሚያስቸግር ውሃ ይጨመርበታል። ትርፉ ውሃ ሲተን በአርማታው ውስጥ ጥቃቅን ባዶ ቦታ ትቶ ስለሚሄድ ጥንካሬው ይወርዳል። ከዚያም ቢያንስ ለ7 ቀናት፣ በአገራችን በብዛት ለሚሠራበት ፖዞላና ለተቀላቀለበት ሲሚንቶ ደግሞ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ ውሃ መጠጣት ሲኖርበት፣ የሙሌቱ ሠራተኞች በማግስቱ ስለሚሰናበቱ ውሃ የማጠጣቱ ሥራ በዘበኛው ላይ ይወድቃል፤ ለዚህ ሥራ የሚከፍለው ግን የለም። መሐንዲሱ ይህን ስለሚያውቅ ለጥንቃቄ ሲል የሲሚንቶውን መጠን ከፍ ያደርጋል። ሠራተኛውን ባለማሠልጠንና ባለማቆየት የተቆጠበው ገንዘብ በሲሚንቶ፣ በጭስና በድጋሚ ሥራ ይከፈላል ማለት ነው።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ የቀን ሠራተኛ አንድ ቦታ አይረጋምና ማሠልጠኑ ኪሳራ ነው የሚል ነው። ለአንድ ድርጅት ክርክሩ ያስኬዳል፤ ለዘርፉ ግን አያስኬድም። ሠራተኛው የማይረጋው ለመርጋት የሚያበቃ ነገር ስላላገኘ ነው፤ አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ቢከፍትም የግሉ ዘርፍ ያለ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ዓመታትን ቆጥሯል። በማግስቱ ሥራ ስለመኖሩ የማያውቅ ሰው በሌላ ሳይት ጥቂት ብር ሲጨመርለት ቢሄድ አይፈረድበትም።

ኃላፊነትን ከሰንሰለቱ ጫፍ ወደ ምንጩ መመለስ እንደሚቻል የእንግሊዝ ተሞክሮ ያስረዳል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የግንባታ ዲዛይንና አመራር ደንብ የደኅንነትን ግዴታ ከተቋራጩ አልፎ በሥራው ባለቤትና በዲዛይን ባለሙያው ላይም ጣለ፤ እ.ኤ.አ. ለ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ የተካሄደው ግዙፍ ግንባታም የአንድም ሠራተኛ ሕይወት ሳይጠፋ ተጠናቀቀ። የእንግሊዝ ሀብት የኢትዮጵያ አይደለም። ባለቤቱን ተጠያቂ ማድረግ ግን ከሀብት ይልቅ የውል አጻጻፍ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የመንግሥት ግንባታ ባለቤቶች በሚቀጥለው የጨረታ ሰነዳቸው ለደኅንነት፣ ለሥልጠናና ውሃ ለማጠጣት የራሱ መስመር ያለው፣ ተወዳዳሪዎች ሊቀንሱት የማይችሉት ቁርጥ ሒሳብ ያስገቡ፤ ገንዘቡም አማካሪ መሐንዲሱ ሥራው መሠራቱን በዓይኑ አይቶ ሲያረጋግጥ ብቻ ይከፈል። ከእያንዳንዱ የክፍያ ሰርተፊኬት ጋር የሰቦቹን ሠራተኞች ጭምር የያዘ፣ ስማቸውና የቀን ሒሳባቸው የተጻፈበት የደመወዝ መዝገብ ይቅረብ፤ ሰቡ ካሳ ሳይከፍል ቢጠፋ ዋናው ተቋራጭ እንዲከፍል በውሉ ይጻፍ። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሰነዱን የሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ውሳኔ ይበቃል።